ሳትገለበጥ ያደረች ዲስክ

«መጠባበቂያው» የሚሉት የቢሮው ፋይል ያዥ የሞተው ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍትና ሲዘጋው በኖረው የፋይል ካቢኔት ሥር ነው። ብረቱ ተደፍቶበት ከወገቡ በላይ አይታይም፤ የሚታዩት ሁለት እግሮቹና ጸሐፊዋ «ኧረ እባክዎ ይጣሉት» እያለች ስትነዘንዘው የኖረችበት ቡናማ ጫማው ብቻ ነበሩ። ያገኘችውም እሷው ናት። ጠዋት እንደ ልማዷ ከሁሉ ቀድማ ገብታ፣ መስኮት ከፍታ፣ ኮምፒዩተሩን አብርታ፣ የማለዳ ሥራዋን ጀማምራ፣ የሻይ ውሃ ልትቀዳ ስትል የሻይ ማፍያው የሚቀመጥበትን የፋይል ክፍል በር ገፋችው። በሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ እምቢ አለ። በክፍተቱ አንገቷን አስገባች፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን በቅጡ አታስታውሰውም።

ቢሮው የጥብቅና ቢሮ ነው፤ ሦስት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር። ያለው ሰው ትልቁ ጠበቃ፣ ትንሹ ጠበቃ፣ ጸሐፊዋ፣ መጠባበቂያውና ከሰዓት በኋላ ለጽዳት የሚመጡት እትዬ ናቸው፤ በቃ። ትንሹ ጠበቃ «ትንሹ» የተባለው ዱሮ ተለማማጅ ሆኖ ሲመጣ ነበር። አሁን ሽበቱ ከትልቁ ጠበቃ ሽበት በልጦ እንኳ ስሙ አልተለወጠለትም። የመጀመሪያ ፋይሉን ያሳየው መጠባበቂያው ስለነበር፣ የኋላ ኋላ ሹመት ቢመጣም «አንተ» ማለቱን አልተወለትም። ሌላውን ግን እንደ ወጉ ነበር የሚይዘው፤ ለትልቁ ጠበቃ «እርስዎ»፣ ለእትዬም «እርስዎ»።

መጠባበቂያው የሚለውን ቅጽል ያወጣለት ሥራው ነው። ቢሮ ሊዘጋ ሲል በኮምፒዩተሩ ያለውን ሁሉ መዳፍ በምታክል ጥቁር ዲስክ ላይ ያስቀራል። ሌላው ሰው «ባክአፕ» ይለዋል፤ እሱ ግን «መገልበጥ» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም። በቃሉም ይጫወትበት ነበር። ቀድቶ ሲጨርስ ዲስኳን በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ዳር፣ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበትን ፊቷን ወደ ታች አድርጎ ያስተኛታል።

«በጀርባዋ ከተኛች ገና ናት፤ በሆዷ ከተኛች አልቋል» ይላል። «ገልብጬ ገለበጥኳት ማለት ነው። ምናልባት አንድ ቀን ሞት ቢቀድመኝ፣ ጠዋት በጀርባዋ ያገኘሻት እንደሆነ አንቺ ገልብጪልኝ። አደራ።»

አደራውን ስቃ ነበር የተቀበለችው። የቢሮው ሰው ሁሉ ሰምቶ ስቋል።

በዚያ ሰሞን ግን ዲስኳ ለጸሐፊዋ ከማንም በላይ ታስፈልጋት ነበር። ታናሽ ወንድሟ እስር ቤት ነው። ከሚሠራበት ጋራዥ፣ ለጥገና የገባ የደንበኛ መኪና አንድ ምሽት ወጥቶ ሰው ገድሎ ተመለሰ። ቁልፉ እሱ ዘንድ ነበርና እሱ ተፈረደበት። የጋራዡ ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ እንጀራቸውን ፈርተው አፋቸውን ዘግተው ከረሙ። ታመው አልጋ ሲይዙ ነው ጸሐፊዋን ያስጠሯት።

«ወንድምሽ አይደለም» አሏት። «መኪናውን የወሰደውን አውቀዋለሁ፤ የትልቅ ሰው ልጅ ነው። ስሙን ለጠበቃ እንጂ ላንቺ አልሰጥም፣ ጣጣ አገባሻለሁ።»

ትልቁ ጠበቃ መቅረጫቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሽማግሌው በሹክሹክታ ተናገሩ፤ በዚያው ሳምንት አረፉ። ድምፁ ወደ ኮምፒዩተሩ ተዛወረ፤ መቅረጫውም እንደ ቢሮው አሠራር ለቀጣዩ ባለጉዳይ ተብሎ በውስጡ ያለው ተሰረዘ። ትልቁ ጠበቃ ጆሯቸው ስለደከመ ሽማግሌው ያሉትን አልሰሙም፤ የሚናገሩ መሆናቸውንም ያወቁት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይተው ነው። ጸሐፊዋ እንዳትሰማው ደግሞ ከለከሏት። ነገ ፍርድ ቤት ፊት «እህቱ ነካክታዋለች» ቢባል ነገሩ ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ አዳምጦ በጽሑፍ እንዲያወጣው ለትንሹ ጠበቃ ተሰጠ። የይግባኙ ቀን ቀርቧል፤ ጸሐፊዋም ያን ጽሑፍ ነበር ዓይኗ እስኪቀላ የምትጠብቀው።

መርማሪዋ ስትደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። አጭር፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። ከሩቅ ለሚያያት መርማሪ ሳይሆን አቤቱታ ልታስጽፍ የመጣች ባለጉዳይ ነው የምትመስለው። መሀረቧን ከአፍንጫዋ ሳታነሳ ጸሐፊዋን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ከገባሽ በኋላ ያደረግሽውን አንድ በአንድ ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«መስኮት ከፈትኩ። ኮምፒዩተር አበራሁ። ከዚያ ገለበጥኩ።»

መሀረቡ ወረደ። «ምን አልሽኝ?»

«ገለበጥኩ። ሳትገለበጥ ነበራ ያደረችው።»

«ካቢኔቱን?»

«ኧረ ዲስኳን!» አለች ጸሐፊዋ፤ ወዲያው ሳቅና ልቅሶ እኩል መጣባት። ከዚያ ተረጋግታ አስረዳቻት። ጠዋት ዲስኳ በጀርባዋ ተኝታ ነው ያገኘቻት። አደራ ነውና ሰክታ ሥራውን አስጀመረችው። እሱ እየቀዳ ሳለ ነው ለሻይ ውሃ የሄደችው። ጮኻ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ስልክ ተደውሎ፣ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ቀድቶ ጨርሷል። «እጄ ዝም ብሎ ነቅሎ በሆዷ አስተኛት» አለች። «ጠበቆቹ ሲገቡ በሆዷ ነበረች።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ማን ጠየቀኝ?»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለች መርማሪዋ፤ ዲስኳን በመሀረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ከዚያ የፋይል ክፍሉን ገብታ አየች። ካቢኔቱ ተነስቷል፤ ሟቹም ተወስዷል። ውሃ እያዠ ቀለሙ የሚፈረፈር ግድግዳ ነበርና ካቢኔቱ ከግድግዳው ፈቅ ተደርጎ ይቀመጥ ነበር፤ ከጀርባው አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ ይቆማል። ከፊት ለፊቱ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ የሻይ ማፍያው ሶኬት አለ። መጠባበቂያው ማታ ማታ ጎንበስ ብሎ የሚነቅለው እሱን ነው። መርማሪዋ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳበቻቸው። አንዱም ንቅንቅ አላለም።

«ቁልፉስ?»

«ከሟቹ ኪስ ተገኝቷል» አላት ፖሊሱ።

ከካቢኔቱ ጀርባ ገብታ ቆመች፤ ስትወጣ ትከሻዋ ነጭ ሆኖ ነበር። አራገፈችው፤ አለቀቀም።

ቃል የተቀበለችው በትልቁ ጠበቃ ክፍል ነው። ክፍሉ ታፍኗልና በሩ ይከፈት ብላ ስለነበር ጸሐፊዋ ከጠረጴዛዋ ሆና ሁሉን ትሰማለች። ትልቁ ጠበቃንማ ባትፈልግም መስማቷ አይቀር፤ ጆሮ የደከመው ሰው ሌላውም እንደሱ እየመሰለው ይጮኻል።

«ጥሩ ሰው ነበር!» አሉ። «ጡረታ ውጣ ብዬው አኩርፎኝ ነበር፤ ይኸው ሳንታረቅ ቀረን። አንድ የሚያጽናናኝ፣ ሥራውን ጨርሶ ነው የሞተው። ስገባ ዲስኳ በሆዷ ተኝታ አይቻለሁ።»

ትንሹ ጠበቃ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቃሉ የተመጠነ ነው። እንደ ቃሉ፣ ከምሳ በኋላ ወጥቶ አልተመለሰም። ፍርድ ቤት ነበረ፤ ከዚያ ቤቱ ገባ።

«የሽማግሌውን ድምፅ አዳምጠውት ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«አላዳረሰኝም። ዛሬ ልጀምር ነበር።»

«ሟቹ እንዴት ያለ ሰው ነበር? ቸልተኛ ነገር ነበር?»

«እሱ?» አለ ትንሹ ጠበቃ። ድምፁ በእውነት ተሰበረ። «አንዲት ቀን ሥራውን ሳይገለብጥ አሳድሮ አያውቅም፤ ትናንት ነው የመጀመሪያዋ። እሷንም ዕድሜ አልበቃ ብሎት እንጂ ባላሳደራት። አስተማሪዬ ነበር፣ እመቤቴ።»

ጸሐፊዋ ይህን ሰማች። አንድ እንኳ የሚያዝንለት ሰው አለው አለች በልቧ።

እትዬ ደግሞ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት፤ የተወለወለው ወለል እንዳይረገጥባቸው የሰጉ ይመስላሉ።

«የፋይል ክፍሉን ሳልነካው ነው የሄድኩት። በሩ ገርበብ ብሎ እሱ ያወራ ነበር። በስልክ መሰለኝ፣ የሌላውን ድምፅ አልሰማሁማ።»

«ምን ይል ነበር?»

«‹ተወኝ፣ ዛሬ አልገለብጥም› ይላል። ‹ተወኝ አልኩህ› ይላል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። ምነው ገብቼ ቢሆን።»

ከቀብሩ በኋላ ትልቁ ጠበቃ ስለ ድምፁ ጽሑፍ ጠየቁ። ትንሹ ጠበቃ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ፈለገ፤ ራሱን ነቀነቀ። ጸሐፊዋም ፈለገች። ድምፁ የለም። ከተጣለ ነገር ማጠራቀሚያውም የለም፤ ቦታውን ሁሉ ማን እንደጫነው ያልታወቀ የፊልም መዓት ሞልቶታል። እንደገና ከመጀመሪያው ፈለገች። ከዚያ ግን ዲስኳ ትዝ አለቻትና ነፍሷ ተመለሰች።

«ዲስኳ አለች እኮ!» አለች። «መርማሪዋ ዘንድ ናት። ከኮምፒዩተሩ ቢጠፋ እሷ ላይ አይጠፋም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አላት ትንሹ ጠበቃ፤ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ያን ሰሞን እግሯ መሬት የማይነካ እስኪመስላት ቀለላት። ለወንድሟም «ዲስኳ ላይ አለ፣ አትስጋ» ብላ ላከችበት።

መርማሪዋ ሁሉንም በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ከሰዓት ነበር። ትልቁ ጠበቃ ወንበራቸውን ወደሷ አስጠጉ፤ እትዬ በሩ ሥር ቆሙ፤ ትንሹ ጠበቃ መስኮቱን ተደግፎ እጁን አጣጠፈ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ። ዲስኳ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጣለች፤ የጸሐፊዋ ዓይን ከሷ ላይ አልነቀል ብሏል።

«ከካቢኔቱ ልጀምር» አለች መርማሪዋ፤ ጉንፋኗ አልለቀቃትም። «ካቢኔት በራሱ የሚወድቀው መሳቢያዎቹ ወጥተው ሚዛኑን ሲስት ነው። ይህ ግን ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉም ከሟቹ ኪስ ነው የተገኘው። የተቆለፈ ካቢኔት የሚወድቀው ከጀርባው የሚገፋው ካለ ነው። ሟቹ ሶኬቱን ሊነቅል ጎንበስ ሲል አንድ ሰው ከካቢኔቱ ጀርባ ገባ። ስለዚህ አደጋ አይደለም።»

«ምን አለች?» አሉ ትልቁ ጠበቃ።

«ገድለውታል ነው የምትለው» አሉ እትዬ ጮኸው፤ ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ቀጥሎ የእትዬን ቃል እንይ። ‹ተወኝ› ነበር ያለው። ትልቁ ጠበቃ ቢሆኑ ‹ይተዉኝ› ይላቸው ነበር። ጸሐፊዋ ብትሆን ‹ተይኝ›። በዚህ ቢሮ ሟቹ ‹አንተ› የሚለው ሰው አንድ ነው።»

 ትንሹ ጠበቃ ፈገግ አለ።

«ስልክ ላይ ነበር ተብሏል እኮ። ወንድም አለው፣ ጓደኛ አለው።»

«ልክ ነዎት። ለብቻው አይበቃም» አለች። «ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሲገለብጥ የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት ምን ሆኖ ነው አልገለብጥም ያለው? የኮምፒዩተር ባለሙያ ጠየቅሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ይቺ ዲስክ የኮምፒዩተሩ መስታወት ናት። ኮምፒዩተሩ ላይ የተጨመረ እሷም ላይ ይጨመራል።» እዚህ ላይ መርማሪዋ ቆም አለች፤ ወደ ጸሐፊዋ አላየችም። «ከኮምፒዩተሩ የጠፋ ደግሞ፣ በተገለበጠች ጊዜ ከሷም ይጠፋል። ሟቹ ይህን ያውቃል። ድምፁ ከኮምፒዩተሩ መጥፋቱን አየ፤ ዲስኳ ላይ ግን በዋዜማው የተገለበጠው አለ። ያን ለማትረፍ ነው አልገለብጥም ያለው።»

ጸሐፊዋ ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ከዚያ ቀስ እያለ ከእግሯ ተነስቶ ወደ ላይ ገባት። የገዛ እጇን አየችው። ሌላው ሰው የተናገረው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ከሩቅ ነበር የሚሰማት።

«ገዳዩ ዲስኳን ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር» ትላለች መርማሪዋ። «ግን ዲስክ ከጠፋ ሰው ሞት አደጋ አይባልም። ራሱ ሊገለብጣት ይችል ነበር። ግን ማሽኑ የገለበጠበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ ያ ደግሞ ሟቹ ከሞተ በኋላ ይሆናል፣ ያን ሰዓት ግን ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም መባል አለበት። ስለዚህ ምንም አላደረገም፤ በጀርባዋ እንደተኛች ትቷት ሄደ። ጠዋት ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ አደራውንም ማን እንደተቀበለ ያውቃል። የቀረውን ሥራ በሰው እጅ አሠራው።»

«ግምት ነው» አለ ትንሹ ጠበቃ።

«ይሁን። አሁን ወደ እርስዎ ቃል እንምጣ። ሁላችሁ ስትገቡ ዲስኳ በሆዷ ነበረች። ትልቁ ጠበቃ ‹ሥራውን ጨርሶ ሞተ› ያሉኝ ለዚህ ነው። ሳትገለበጥ ማደሯን የምታውቀው ጸሐፊዋ ብቻ ናት፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም። እርስዎ ግን ‹ሳይገለብጥ ያሳደረው ትናንት ነው› አሉኝ። ከምሳ በኋላ ወጥተው ካልተመለሱ በምን አወቁ?»

ትንሹ ጠበቃ የተደገፈውን መስኮት ለቀቀ። ሰው ሁሉ ያኔ ብቻ ነው ሲያረጅ ያየው።

«ኮትዎንም ከላውንደሪ አስመጥተነዋል» አለች መርማሪዋ ዝግ ብላ። «ሳይታጠብ ደርሰንበታል። ጀርባው ላይ የዚያ ግድግዳ ቀለም አለበት።»

 ትንሹ ጠበቃ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ባለጉዳይ ፊት እንደሚያደርገው ክራቫቱን አስተካከለ።

«ጻፉ» አለ። «ከሟቹ ጋር በሥራ ጉዳይ ተጣላን። በንዴት ካቢኔቱን ገፋሁ። የሰጠሁት ቃል ይኸው ነው። የሽማግሌ ድምፅ የሚባል ነገር አልሰማሁም፤ አላጠፋሁም። ነበረ የሚል ካለ ያምጣና እናዳምጠው።»

«ልጅህ» አሉ ትልቁ ጠበቃ በድንገት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ። «አደጋው በደረሰ ሰሞን ነው ውጭ አገር የላክኸው።»

«ልጄ ተማሪ ነው። ለትምህርት ነው የሄደው» አለ ትንሹ ጠበቃ። ፖሊሶቹ ሲወስዱት በጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ አለፈ። ቀና ብሎ አላያትም።

መርማሪዋ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀች።

«ባለሙያው ያልሞከረው ነገር የለም» አለቻት። «ኮምፒዩተሩ ላይ በላዩ ሌላ ስለተጫነበት አልተገኘም። ዲስኳም ላይ አልተገኘም።»

«ቢያንስ ሰውየው ለምን እንደገደለ ፍርድ ቤት ይጠይቀው የለ?»

«ይጠይቀዋል። ተጣላን ይላል፤ በሱ ይፈረድበታል። ሽማግሌው ምን ብለው እንደነበር እኔ አላውቅም፣ ትልቁ ጠበቃ አያውቁም፣ አንቺም አታውቂም። የሚያውቁት ሁለት ነበሩ፤ የተናገሩት ሞተዋል፣ ያዳመጠው ደግሞ አባት ነው።»

«ወንድሜስ?»

መርማሪዋ መሀረቧን አጣጠፈች፤ ፈታችው፤ እንደገና አጣጠፈችው። «ገዳዩን ያገኘሁት አንቺ ስለገለበጥሽ ነው» አለች። «ባትገለብጪ ኖሮ ያን ቃል ቢያወጣም ስህተት መሆኑን ማንም አያውቅበትም ነበር። ይህን ልንገርሽ ብዬ ነው። ለወንድምሽ ግን የምሰጥሽ የለኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ጸሐፊዋ ብትቆጣ የምትቆጣበት ሰው የለም፤ ልታለቅስ ብትልም እንባው ገና አልመጣላትም።

የጥየቃ ቀን ሄደች። በሽቦው ወዲያ ማዶ ሰው በሰው ላይ ይጮኻል፤ ወንድሟ ጣቶቹን በሽቦው አሾልኮ ነበር የጠበቃት። ከስቷል። እሷ ስትመጣ ጸጉሩን በውሃ እንዳበጠረ ያስታውቃል።

«መጠባበቂያው አረፉ አሉ። ነፍስ ይማር» አለ። «ደህና ሰው ነበሩ። ድምፁን ግን ገልብጠውት ነበር አይደል?»

መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ቃል ነበራት። ከመሃሉ አንዱን ብቻ አገኘችው።

«እሳቸው አልገለበጡትም። እኔ ነኝ የገለበጥኩት።»

«አንቺ?»

«እኔ። በማግስቱ ጠዋት፣ በገዛ እጄ...»

ልትቀጥል ነበር። ግን የወንድሟ ፊት በራ። ከታሰረ ጀምሮ እንዲህ ሲበራ አላየችውም።

«ገለበጥሽው?» አለ። «እኔ እኮ እህቴ እያለች ምን ያስፈራኛል ብዬ ነበር!» ወደ ኋላው ዞሮ ቆሞ የሚጠብቀውን ጓደኛውን በትከሻው ነካው። «ሰማህ? እህቴ ገልብጣዋለች።»

ጓደኛውም በሽቦው ውስጥ አጎንብሶ «እግዜር ይስጥሽ» አላት።

ጸሐፊዋ ወደ ሽቦው ተጠጋች። ወታደሩ መጥቶ ሰዓት አልቋል አለ፤ ወንድሟ ጣቶቹን ከሽቦው አውጥቶ እያወዛወዘላት፣ እየሳቀ ገባ።